ደሴት ሄደን ደክመን ተመለስን፤ ዘንድሮስ?

ጥያቄ፦ «ባለፈው ዓመት እኔ፣ ባለቤቴና ሁለት ልጆቻችን ለ6 ቀን ወደ አንድ ሞቃታማ ደሴት ሄደን ነበር። በየቀኑ የሆነ ጉዞ ተይዞልን ነበር። በሁለተኛው ቀን ትንሿ ልጄ በፀሐይ ተቃጠለች። እኔ ደግሞ ውሃ ዳር ቆሜ ልጆች ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ስንመለስ ከመሄዳችን በፊት ከነበረው የባሰ ደክሞን ነበር። ዘንድሮ ከጁላይ መጨረሻ ጀምሮ 10 ቀን አለን። የምፈልገው ማረፍ ብቻ ነው። ባለቤቴ ግን ‹እዚያ ድረስ ሄደን ዝም ብለን ልንተኛ ነው?› ይለኛል። የት ብንሄድ ይሻላል? ቀኑንስ እንዴት እናሳልፈው? ልጆቹ 6 እና 11 ዓመታቸው ነው።»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጥያቄዎን ሁለቴ አነበብኩት። የሰዎችን የደሴት ጉዞ ማሰናዳት ሥራዬ ከሆነ ብዙ ዓመት ሆነው። ከዚያ በፊት ደግሞ አንዲት ትንሽ ደሴት ላይ በእንግዳ መቀበያ ሠርቻለሁ። እዚያ ሰው ሲመጣም ሲሄድም ፊቱን አያለሁ። ፊቱ በርቶ የሚሄደው ብዙ ቦታ ያየው ሰው አልነበረም። እንደ ደሴቷ ሰዓት የኖረው ነበር። ደሴት የራሷ ሰዓት አላት። ፀሐይዋ፣ ነፋሷና ውሃዋ ያወጡት ሰዓት ነው። ከእሱ ጋር የተስማማ ሰው ሳያስበው ያርፋል። የምመልስልዎት ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

መጀመሪያ ግን ለባለቤትዎም የሚሆን አንድ ነገር ልንገርዎት። በ2010 ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሠራ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። 1,530 ሰዎችን ያካተተ ነው፤ ከእነሱ 974ቱ ለዕረፍት ተጉዘዋል። ጥያቄው ቀላል ነበር። ከጉዞ የተመለሰ ሰው ካልተጓዘው የበለጠ ደስተኛ ነው ወይ? ለአብዛኞቹ መልሱ «አይደለም» ሆነ። ከተመለሱ በኋላም ደስታቸው ከፍ ብሎ የተገኘው አንድ ወገን ብቻ ነው። ዕረፍታችን «በጣም ዘና ያለ ነበር» ያሉት ናቸው። እንዲያው «ዘና ያለ ነበር» ያሉት እንኳ ቤታቸው ከቀሩት አልተለዩም። ስለዚህ ማረፍ ብቻ ነው የምፈልገው ማለትዎ ስንፍና አይደለም። ከጉዞ ይዞ መመለስ የሚቻለው ነገር ምናልባት እሱ ብቻ ነው።

ሌላ ጥናት ደግሞ ረዘም ያለ ዕረፍት የወጡ ሠራተኞችን በዕረፍታቸው መካከል ሳይቀር ተከታትሏል። ስሜታቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቶሎ ከፍ ይልና ጫፍ የሚደርሰው በ8ኛው ቀን አካባቢ ነበር። ባለፈው ዓመት እናንተ በ6ኛው ቀን ሻንጣ ዘግታችኋል። አሁን 10 ቀን ማግኘታችሁ ትልቅ ነገር ነው። እባክዎ አይቆራርጡት። «3 ቀን እዚህ፣ 3 ቀን እዚያ፣ 4 ቀን ደግሞ ሌላ ደሴት» የሚል ዕቅድ ብዙ ጊዜ ይቀርብላችኋል። ደሴት በተቀየረ ቁጥር አንድ ሙሉ ቀን በሻንጣ፣ በጀልባና በመጠበቅ ያልቃል። አንድ ደሴት፣ አንድ ክፍል ያዙ። ልጆች የትኛው አልጋ የማን እንደሆነ ሲለምዱ እናትም ትተነፍሳለች።

አሁን ወደ ቦታው። ብዙ ሰው ደሴት የሚመርጠው በፎቶ ነው። እኔ የምመርጠው በነፋስ ነው።

ሐሩር ክልል የሚባለው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንም ወደ ደቡብም እስከ 23 ዲግሪ ከግማሽ ገደማ ያለው ነው። እዚያ አራት ወቅት የሚባል ነገር የለም። ያለው እርጥብና ደረቅ ወቅት ነው፤ ሁለቱንም የሚያመጣው ነፋስ ነው። ነፋሱ አቅጣጫ ሲቀይር የደሴቷም መልክ ይቀየራል። በጃንዋሪ እንደ መስታወት የተኛ ባሕር በጁላይ ሊያገሳ ይችላል። ፎቶው ግን የተነሳው በጃንዋሪ ነው።

ጁላይና ኦገስት ላይ ዛንዚባር ደረቅና ቀለል ያለ አየር አላት። ከባዱ ዝናብ ከማርች እስከ ሜይ ያለው ነው፤ ያኔ አልፏል። ሲሸልስም በዚህ ጊዜ ደረቅ ናት፤ ነገር ግን ከደቡብ ምሥራቅ የማያቋርጥ ነፋስ ይነፍስባታል። ሞሪሸስ ወደ ደቡብ ራቅ ስለምትል ወቅቱ ክረምቷ ነው፤ ለእግር ጉዞ ግሩም፣ ውሃ ውስጥ ለሚውል ልጅ ግን ቀዝቀዝ ይላል። ማልዲቭስ ሞንሱን የሚባለው ዝናብ አዘል የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ላይ ነው፤ ዝናቡ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ነፋሱም ይበረታል። ባሊ ደረቅ ወቅቷ ነው። ታይላንድ ውስጥ የፉኬት ምዕራብ ዳርቻ በእነዚህ ወራት ሞገደኛ ሆኖ ቀይ ባንዲራ ይውለበለብበታል። በሌላኛው ባሕር ላይ ያለችው ኮ ሳሙይ ግን ያን ጊዜ የተሻለች ናት። ካሪቢያን ደግሞ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሀሪኬን የሚባለው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ የሚበረታው ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ነው። ወደ ደቡብ ያሉት አሩባ፣ ቦኔርና ኩራሳዎ እምብዛም አይነኩም። በዚያው በካሪቢያን ከ2011 ጀምሮ ሳርጋሰም የሚባል ቡናማ የባሕር አረም በብዛት እየመጣ ነፋስ በሚመታው ዳርቻ ላይ ይከመራል። ሲበሰብስ ይሸታል። ይህን ፎቶ አያሳይም።

ደሴቷን መምረጥ ግማሽ ሥራ ነው። ሌላው ግማሽ የትኛው ጎኗ የሚለው ነው። ማንኛዋም ደሴት ነፋስ የሚመታው ፊትና ከነፋስ የተከለለ ጀርባ አላት። በሲሸልስ ላ ዲግ ደሴት ላይ ግራንድ አንስ የሚባል እጅግ ያማረ ዳርቻ አለ። በጁላይ ግን ውሃው ሰው ይጎትታል፤ ልጅ ይዞ የሚገባበት አይደለም። በዚያው ወር ማሄ ደሴት ላይ በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው ቦ ቫሎን ረጋ ያለ ነው። አገሩ አንድ ነው፣ ወሩም አንድ ነው፤ ልዩነቱ የጎን ብቻ ነው።

ዛንዚባር ላይ ደግሞ ከነፋሱ ይልቅ ልብ የሚባለው የውሃው መሙላትና መጉደል ነው። በጨረቃ ሙላትና በአዲስ ጨረቃ ሰሞን በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሜትር ይበልጣል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ እነ ፓጄና ጃምቢያኒ አካባቢ፣ ባሕሩ ብዙ መቶ ሜትር ይሸሻል። ለዕይታ ድንቅ ነው። ነገር ግን ልጅዎ ዋና ልብሷን ለብሳ ስትወጣ ውሃው የለም። ለመድረስ በእሾሃሙ የባሕር ጃርት መሐል መሄድ አለባት። በሰሜን ጫፍ ኑንግዊና ኬንድዋ አካባቢ ግን በማንኛውም ሰዓት መዋኘት ይቻላል።

እኔን ከጠየቁኝ፣ ለ6 ዓመት ልጅና ለደከመች እናት በጁላይ መጨረሻ ከሁለቱ አንዱን እመርጣለሁ፦ የዛንዚባርን ሰሜን ወይም የማሄን ሰሜን ምዕራብ። ሲሸልስ ውስጥ ወባ የለም፤ ዛንዚባር ግን የወባ ጉዳይ ከሐኪም ጋር መነጋገርን ይጠይቃል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ ስለ ክትባቱም አብራችሁ ጠይቁ።

ክፍል ከመያዛችሁ በፊት ለሆቴሉ በቀጥታ ይጻፉና ይጠይቁ። «ክፍላችን ከጄኔሬተሩ፣ ከወጥ ቤቱና ከጀልባ ማቆሚያው ምን ያህል ይርቃል?» ይበሉ። ትንንሽ ደሴቶች ብዙ ጊዜ መብራታቸውንም ውሃቸውንም ራሳቸው ነው የሚያመርቱት። ጨው የሚያጣራው ማሽንና ጄኔሬተሩ ሌሊትም አይተኙም። እኔ ራሴ በአንድ ደሴት 3 ሌሊት ከግድግዳው ጀርባ የጄኔሬተር ድምፅ እየሰማሁ አድሬያለሁ። ክፍሉ ለባሕሩ 20 እርምጃ ነበር። ከዚያ ጉዞ የማስታውሰው ባሕሩን አይደለም።

ሌላው ጥያቄ የመድረሻ ሰዓት ነው። አውሮፕላኑ ካረፈ በኋላ ስንት መጓጓዣ ይቀራል? ለምሳሌ ማልዲቭስ ውስጥ በውሃ ላይ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ የደረሰ ሰው ዋና ከተማው አካባቢ አድሮ በማግሥቱ ይቀጥላል። ከልጅ ጋር ይሄ አንድ ቀን መብላት ነው። ጠዋት የሚያደርስ በረራ ትንሽ ቢወደድም እሱን ያስቡበት።

ደረሳችሁ እንበል። የመጀመሪያዎቹን 2 ቀናት ባዶ ተዉአቸው። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። የመጀመሪያ ሌሊት ሰው አዲስ ቦታ ላይ በደንብ አይተኛም። የእንቅልፍ ተመራማሪዎች እንዳገኙት በዚያ ሌሊት የአንጎላችን አንዱ ጎን ከሌላው ያነሰ ይተኛል፤ ዘብ እንደቆመ ሰው ነው። ሰውነታችን ሙቀቱን በደንብ ለመልመድ ደግሞ ከ7 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል፤ ትልቁ ለውጥ የሚመጣው በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። እስከዚያ ልብ ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ላቡ ጨው ይበዛበታል፣ ራስ ይከብዳል። የሰዓት ልዩነት ከተጨመረበት፣ በተለይ ወደ ምሥራቅ ከበረራችሁ፣ ለእያንዳንዱ የሰዓት ልዩነት አንድ ቀን ገደማ ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ ባለበት በ2ኛው ቀን ልጅ ይዞ የሙሉ ቀን ጀልባ ላይ መውጣት ምን እንደሚያስከትል ባለፈው ዓመት አይታችሁታል። በእነዚህ ቀናት ውሃ ጠጡ፣ ጥላ ሥር ተቀመጡ፣ በጊዜ ተኙ። ሽንት ጠቆር ካለ ውሃው አልበቃም ማለት ነው። ለልጆቹ የተቅማጥ ጊዜ የሚሰጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ጥቂት ፓኬት ይያዙ፤ ቦታ አይፈጅም።

ከ3ኛው ቀን ጀምሮ ቀኑ ራሱ መልክ ይይዛል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነ ደሴት ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች። ምሽቱ አይጎተትም፤ ጀምበሯ ከገባች ብዙም ሳይቆይ ጨለማ ነው።

የቀኑ ወርቅ ጠዋት ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ባለው ጊዜ ባሕሩ ብዙ ጊዜ ረጋ ያለ ነው። ምክንያቱ ደስ ይላል። መሬት ከውሃ ቀድማ ትሞቃለች። የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲነሳ ከባሕሩ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፤ ይህ የባሕር ነፋስ ነው። ረፋዱ እየገፋ ሲሄድ ይበረታል፣ ውሃውን ያናውጣል፣ ከሥር አሸዋ ያስነሳል። ስለዚህ ጠዋት ጥርት ያለው ውሃ ከሰዓት በኋላ ድፍርስ ይሆናል። ዘግይቶ የሚነሳ እንግዳ ባሕሩ እንደዚያ ጥርት ብሎ መታየቱን ሳያውቅ አገሩ ይመለሳል። ልጆች እንደሆነ በማለዳ ይነሳሉ። እንደ ሸክም አይዩት። ቀጥታ ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ ቁርሱ በኋላ ይደርሳል።

ከ4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ። እዚህ ላይ አልደራደርም። ልጅዎ የተቃጠለችው በዚህ ሰዓት መሆኑን ሳልጠይቅ አውቃለሁ። በሐሩር ክልል ቀትር ላይ የአልትራቫዮሌት ጨረር መለኪያው 11ን ያልፋል፤ ከመለኪያው የመጨረሻው እርከን ነው። ደመና አያድንም። ቀጭን ደመናን እስከ 80 በመቶ የሚሆነው ጨረር ሰንጥቆ ያልፋል። ደረቅ አሸዋ 15 በመቶ ያህል፣ የሞገዱ አረፋ 25 በመቶ ያህል መልሶ ይረጨዋል። ውሃ ውስጥ ግማሽ ሜትር ብንጠልቅ እንኳ ከላይኛው 40 በመቶ ገደማው ይደርሰናል። ውሃው ስለሚያቀዘቅዘን ቆዳችን ሲቃጠል አይሰማንም። ጠይም ቆዳ ያለው ሰውም ይቃጠላል፤ የሚለየው መዘግየቱ ነው። ዓይን ደግሞ የማንም ቢሆን እኩል ይጎዳል።

ለልጆች መለኪያ ማስተማር አያስፈልግም። ጥላቸውን ያሳዩአቸው። «ጥላሽ ከአንቺ ካጠረ ወደ ውስጥ እንገባለን» በሏት። የ6 ዓመት ልጅ ይህን ጨዋታ ትወደዋለች፤ በሁለተኛው ቀን እሷ ራሷ ትጠራችኋለች።

ሳንስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ቅባት ላይ የማየው ስሕተት መጠኑ ነው። ትልቅ ሰው መላ ሰውነቱን በደንብ ለመቀባት 35 ሚሊ ሊትር ገደማ ይፈልጋል። 100 ሚሊ ሊትሯ ቱቦ ለአንድ ሰው 3 ጊዜ እንኳ አትበቃም። ቤተሰቡ በሙሉ በአንዲት ቱቦ 6 ቀን ከቆየ የተቀባ ሰው የለም ማለት ነው። ቅባቱ ላይ የሚጻፈው የመከላከያ ቁጥር፣ ኤስፒኤፍ፣ 30 ከሆነ ከሚያቃጥለው ጨረር 97 በመቶውን ያግዳል፣ 50 ደግሞ 98 በመቶውን። ስለዚህ በቁጥሩ አይጨነቁ፤ በብዛት ቀቡ፣ በየ2 ሰዓቱና ከውሃ በወጡ ቁጥር ደግማችሁ ቀቡ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ነው። በውሃ አይለቅም፣ አይረሳም፣ እናትን አያሯሩጥም። ፓላው ከ2020፣ ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ ኮራልን፣ ድንጋይ የሚመስለውን የባሕር ፍጡር፣ ይጎዳሉ የተባሉ ኬሚካሎች ያሉባቸውን ቅባቶች ሽያጭ ከልክለዋል። ዚንክ ኦክሳይድ ያለበትን ከመረጡ ብዙ ቦታ አያስቸግርዎትም።

ቀትር ላይ ምን ይሠራል? ምንም። ክፍሉን አጨልማችሁ ተኙ። ያልተኛ ያንብብ፣ ይሳል፣ ጣሪያ ይመልከት። የ11 ዓመቱ ልጅ መጀመሪያ ያጉረመርማል። በ4ኛው ቀን እሱም ይተኛል፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። 10 ሰዓት ሲሆን ዳርቻው እንደገና የእናንተ ነው። ፀሐይ ለስልሳለች፣ አሸዋው እግር አያቃጥልም። በዚህ ሰዓት የምጠነቀቀው ትንኝ ነው። ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝ የምትነክሰው በቀን ነው፤ በተለይ በጠዋቱና ጀምበር ከመጥለቋ በፊት ባለው ሰዓት። ሳንስክሪኑ መጀመሪያ፣ የትንኝ መከላከያው ከላዩ ይቀባል።

የባሕሩን መሙላትና መጉደል የሚያሳይ ሰሌዳ ከእንግዳ መቀበያው ይጠይቁ። ብዙ ቦታ ውሃው በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይጎድላል። በየቀኑም ሰዓቱ 50 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ይህን ወረቀት በር ላይ ለጥፉት። ከስልኩ ሰዓት ይልቅ እሱን ማየት የጀመራችሁ ቀን ዕረፍቱ ገባችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። «ውሃ ዳር ቆሜ ልጆች ስጠብቅ ነው የከረምኩት» ብለዋል። ከጥያቄዎ ውስጥ ልቤን የነካኝ ይህ ነው። ዳርቻ ላይ ሁለት ወላጆች ተቀምጠው ሁለቱም ልጆቹን በግማሽ ዓይን ሲያዩ ማንም አላያቸውም። ማንም አላረፈምም። መፍትሔው ተራ ነው። ግማሽ ሰዓት እሱ፣ ግማሽ ሰዓት እርስዎ። ተራው የደረሰው ሰው አንድ ባርኔጣ ያድርግ። ባርኔጣውን ያደረገው ሰው ስልክ አይነካም፣ አያነብም፣ ዓይኑን ከውሃው አያነሳም። ሲለዋወጡ በቃል ይባባሉ፦ «ያንተ ናቸው»፣ «ተቀብያለሁ»። ባርኔጣ የሌለው ሰው ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ቢተኛ መብቱ ነው። እርስዎ በቀን 2 ሰዓት እንዲህ ካረፉ ባለፈው ዓመት በ6 ቀን ያላገኙትን ያገኛሉ።

ዓይን አይነሳ የምለው የሚሰምጥ ሰው ስለማይጮህ ነው። አፉ ውሃው ላይ ብቅ ጥልቅ ሲል ለመተንፈስ እንጂ ለመጣራት ጊዜ የለውም። ልጅ በድንገት ዝም ካለ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ ፊት ካልሄደ፣ ሩጡ።

ወደ ጥልቁ የሚጎትተውን ውሃ፣ ሪፕ ከረንት የሚሉትን፣ ከመግባታችሁ በፊት ከዳር ሆናችሁ ፈልጉት። ሞገዱ ግራና ቀኝ እየተሰበረ መሐል ላይ ጸጥ ያለ፣ ጠቆር ያለ መንገድ ከታየ እሱ ነው። ሰው ግን «እዚህ ጋ ሞገድ የለም» ብሎ ልጁን ይዞ የሚገባው እዚያው ነው። ሲበረታ በሰከንድ እስከ 2 ሜትር ተኩል ይሮጣል፤ ማንም ዋናተኛ አይረታውም። የያዘው ሰው ከእሱ ጋር አይታገል። ይንሳፈፍ፣ እጁን ያውጣ፣ ከቻለ ከዳርቻው ጎን ለጎን ይዋኝ። ወደ ታች አይጎትትም፤ ወደ ውጭ ነው የሚወስደው፣ ኋላም ይለቃል።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያስበውም። ከነፋስ የተከለለው ጎን ረጋ ያለ ነው ብያለሁ። ነገር ግን እዚያ ነፋሱ የሚነፍሰው ከመሬት ወደ ባሕር ነው። በአየር የሚነፋ ፍራሽና ቀለበት ላይ የተቀመጠ ልጅ በደቂቃዎች ውስጥ ከዳር ይርቃል። እነዚህን መዋኛ ገንዳ ውስጥ ብቻ ተጠቀሙባቸው። ባሕር ላይ የሚሆነው በልኩ የተገዛ የሕይወት አድን ጃኬት ነው።

ስለ ስልክ አጭር ነገር ልበል። ዕረፍትን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሰው ከድካም የሚያገግመው በአራት ነገር ነው ይላሉ፦ ሐሳቡ ከሥራ ሲላቀቅ፣ ሲዝናና፣ አዲስ ነገር ሲለማመድና ጊዜው በራሱ እጅ ሲሆን። የሥራ መልእክት እየመጣ የመጀመሪያው አይሆንም። ከሥራ ቦታ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚደውልልዎት አንድ ሰው ብቻ ይኑር። የቀረውን ከስልኩ ላይ ያጥፉት።

ሦስተኛው፣ አዲስ ነገር መለማመድ የሚለው፣ ለ4ኛው ቀን ነው። በዚያ ቀን አካባቢ ሰው ይሰለቻል። አትደንግጡ፤ ድካሙ እየወጣ ነው። ያኔ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ስኖርክል፣ በጭንብልና በመተንፈሻ ቱቦ ተንሳፍፎ የውሃውን ሥር ማየት፣ ተማሩ፣ ከልጆቹ ጋር። ጭንብሉን አጥልቀው ፊትዎን ውሃ ውስጥ ሲከቱ የራስዎን ትንፋሽ ብቻ ነው የሚሰሙት። ቀስ ብሎ መተንፈስን ማንም ሳያስተምርዎት ይማራሉ። ቀልጠፍ ካላችሁ በቀቀን ዓሣ ታያላችሁ። እንደ በቀቀን ባለ አፉ የሞተ ኮራል ይቆረጥማል፤ ቁርጭ ቁርጭ ሲል ውሃ ውስጥ ይሰማል። የፈጨውን ነጭ አሸዋ አድርጎ ያወጣዋል። አንድ ትልቅ በቀቀን ዓሣ በዓመት በመቶ ኪሎዎች የሚቆጠር አሸዋ ያመርታል። ልጆቹ የሚጫወቱበት አሸዋ ከየት እንደመጣ ሲሰሙ ፊታቸውን ይመልከቱ። ኮራሉ ላይ ግን አትቁሙ፤ ሕይወት ያለው ነው፣ የሚቆርጠውም ቁስል በቶሎ አይድንም።

ከተመለሳችሁ በኋላ ሥራ የምትገቡበት ቀንና የበረራው ቀን አይጋጠም። ቢያንስ አንድ ቀን ቤት ውላችሁ ግቡ። ቀን በቀን የተከታተለው ያ ጥናት እንዳሳየው የዕረፍት ስሜት ሥራ በተጀመረ በመጀመሪያው ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። የደሴቷን የጠዋት ሰዓት ግን ቤትም ይዞ መቀጠል ይቻላል፤ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ያለችዋን አንድ ጸጥ ያለች ሰዓት።

የቀረው ባለቤትዎ ናቸው። «ዝም ብለን ልንተኛ ነው?» ማለታቸው ክፋት የለውም። እሳቸው ደግሞ የሚያርፉት በመንቀሳቀስ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ «አይሆንም» አይበሏቸው። አንድ ጉዞ ይምረጡ በሏቸው፤ አንድ ብቻ፣ በጣም የሚፈልጉትን። ቀኑ 5ኛው ወይም 6ኛው ይሁን፣ ሰውነት ሙቀቱን ከለመደ በኋላ። ጀልባው ነፋሱ ሳይነሳ ጠዋት 1 ሰዓት ይውጣ፣ 4 ሰዓት ላይ ይመለስ። ባሕር የሚያዞረው ሰው ጀልባው መሐል ይቀመጥና አድማሱን ይይ። ዳይቪንግ፣ የአየር ጋን አዝሎ ባሕር ሥር መጥለቅ ከሆነ የሚፈልጉት፣ ከመጨረሻው መጥለቅ በኋላ አውሮፕላን እስኪሳፈሩ ቢያንስ 18 ሰዓት፣ ከተቻለ ሙሉ ቀን ይቆዩ። ሌላውን ቀን ሁሉ መሄድ ካሻቸው በማለዳ ብቻቸውን በእግራቸው ደሴቷን ይዙሩ። 3 ሰዓት ላይ ተመልሰው ባርኔጣውን ከእርስዎ ይቀበሉ።